ድምፅ ፕሪአምፕ እስኪገዛ አይጠብቅም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጋሮ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው የተማሯቸውን የአፋን ኦሮሞ መንዙማዎች እንድንቀዳ ፈቅደውልን ነበር። ማይክሮፎን ነበረን፤ ላፕቶፕም ነበረን። ያልነበረን ‹‹ጥሩ ፕሪአምፕ›› ነው። በውሰት ያገኘነው ርካሽ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ ቅርስ አይመጥንም ብለን፣ ገንዘብ እስክናዋጣ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አራዘምን። በሦስተኛው ቀጠሮ ወደ አጋሮ ስንሄድ የጠበቀን ለቅሶ ነው።

ይህን የምንጽፈው ጸጸታችንን ለማካፈል ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ሳናሰላ የተቀበልነውን ‹‹መሣሪያው ውድ ካልሆነ ቀረጻው አይረባም›› የሚል አስተሳሰብ ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ተማሪዎች አንደበት አሁንም ስለምንሰማው ነው። በእኛ እምነት ይህ አስተሳሰብ በፊዚክስ ሲመዘን አይጸናም።

ፕሪአምፕ ምን ይሠራል?

ማይክሮፎን የአየርን ግፊት ወደ እጅግ አነስተኛ ቮልቴጅ ይለውጣል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበውንና በየአዳራሹ የምናየውን ሹር ኤስ ኤም 58 እንውሰድ። ይህ ማይክሮፎን በ1 ፓስካል ግፊት፣ ማለትም በ94 ዴሲቤል ድምፅ፣ 1.85 ሚሊቮልት ያህል ያመነጫል። አንድ ሰው በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲናገር ድምፁ 75 ዴሲቤል ቢሆን የምናገኘው 200 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይህ በቀጥታ ለመቅዳት ስለማይበቃ 1,000 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በ60 ዴሲቤል፣ ማጉላት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ቅድመ ማጉያ ወይም በተለምዶ አጠራሩ ፕሪአምፕ ነው። ዛሬ እንደ ፎከስራይት ስካርሌትና ቤሪንገር ዩ-ፎሪያ ባሉ፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኙ አነስተኛ መሣሪያዎች ውስጥ አብሮ ተሠርቶ ይገኛል።

ፕሪአምፕ የሰውየውን ድምፅ ሲያጎላ ከራሱም ‹‹ሽ›› የሚል ድምፅ ይጨምራል። ውዱን ከርካሹ ይለየዋል የሚባለው በዋናነት ይህ ነው። መጠኑ በመሣሪያው መግለጫ ላይ ‹‹ኢ.አይ.ኤን.›› በሚል ምልክት ይሰፍራል። −128 ዲቢዩ ተብሎ ከተጻፈ በመግቢያው ላይ 0.3 ማይክሮቮልት ያህል፣ −120 ዲቢዩ ከተባለ ደግሞ 0.8 ማይክሮቮልት ያህል ማለት ነው። የመጀመሪያው መልካም፣ ሁለተኛው ደካማ ይባላል።

ስሌቱ ምን ይላል?

አሁን ክፍሉን እንጨምርበት። በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ዝም ቢል እንኳ የጀርባው ድምፅ 35 ዴሲቤል ቢደርስ አያስገርምም። ያው ማይክሮፎን ይህን 35 ዴሲቤል ወደ 2.1 ማይክሮቮልት ይለውጠዋል። እንግዲህ የክፍሉ ድምፅ ከደካማው ፕሪአምፕ ድምፅ እንኳ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያሉ ድምፆች የሚደመሩት በካሬያቸው ስለሆነ ጠቅላላው በደካማው 2.24፣ በመልካሙ 2.12 ማይክሮቮልት ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል ያንሳል፤ በጆሮ የሚለይ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ገንዘብ የማይገዛው ወሰን አለ። ጆንሰንና ናይኩዊስት በ1928 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ስለሚንቀሳቀሱ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ለ150 ኦም ምንጭ፣ በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ20 ኪሎኸርዝ ስፋት፣ ይህ 0.22 ማይክሮቮልት ነው። የዓለም ውዱ ፕሪአምፕም ከዚህ በታች ሊያወርደን አይችልም።

ይህ ሲባል ፕሪአምፕ ሁሉ እኩል ነው ማለታችን አይደለም። በእውነት ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚደረደር ክራር ከሩቅ ሲቀዳ ልዩነቱ ይሰማል። ነገር ግን የአብዛኞቻችን ቤት ስቱዲዮ አይደለም፤ የሚያስጨንቀንም የፕሪአምፕ ድምፅ ሳይሆን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው።

ልፋቱ የት ይዋል?

አንደኛው መፍትሔ ርቀት ነው። ማይክሮፎኑን ከ60 ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ የተናጋሪውን ድምፅ በ12 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህ በሁለቱ ፕሪአምፖች መካከል ካገኘነው ልዩነት እጅግ ይበልጣል፤ ወጪውም ምንም ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይመረጣሉ። እነዚህ ወራት በከፊል የቡና ለቀማ ወቅት ናቸው፤ እሸቱ ቀን ተለቅሞ ማምሻውን ስለሚፈለፈል የመፈልፈያው ሞተር የሚጮኸው ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ጠዋት መቅዳት ይሻላል። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል የክፍሉን አስተጋቢነት ይቀንሳል። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መሥራትም ብዙ ጊዜ ከ50 ኸርዝ መስመር የሚመጣውን እምታ ያስቀራል።

ፕሪአምፕ ስትመርጡ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። የማጉላት አቅሙ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል? ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ሶኬት አለው? ኮንደንሰር ማይክሮፎን የምትጠቀሙ ከሆነ 48 ቮልት ይሰጣል? ከተቻለ ከመግዛታችሁ በፊት ማይክሮፎን ሰክታችሁ መቆጣጠሪያውን ለንግግር እስከሚያስፈልገው ድረስ ከፍ አድርጉና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። አንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ድምፃቸው የሚበላሸው በመጨረሻዋ ሩብ ዙር ላይ ነው።

የሊሙ፣ የጎማ፣ የጉማ፣ የጌራና የጅማ የጊቤ መንግሥታት ታሪክ በብዙው የቆየው በአዛውንት ቃል ነው። እኛ በአጋሮ አንዱን ቃል ያጣነው ከግማሽ ዴሲቤል ለሚያንስ ልዩነት ስንል ነው። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደ ቀያችሁ ስትመለሱ በእጃችሁ ባለው መሣሪያ፣ ጠዋት፣ ማይክሮፎኑን አቅርባችሁ ቅዱ። የተሻለ ፕሪአምፕ ስታገኙ ደግማችሁ ትቀዳላችሁ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ግን በእጃችሁ ይኖራል።