በልጅ ቁመት ልክ የቆመ ካርቶን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ፣ አብነት እኛ ሰፈር ካለው ሱቅ ጎራ አልን። ስኳርና ክብሪት ልገዛ ነበር። ልጁ እጄን ለቆ በሩ አጠገብ ቆመ።

«አያቴ፣ ቤተ መንግሥት አለ!»

እውነትም ቤተ መንግሥት ይመስላል። ወርቃማ ማማ ያለው፣ በየመስኮቱ የጂን ጠርሙስ የተደረደረበት የካርቶን መደርደሪያ ነው። ከጎኑ ብስኩትና ከረሜላ አለ። የስድስት ዓመት ልጅ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው ጠርሙሱ ላይ ነው።

ሟች ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ይሠራ ስለነበር አሠራሩን አውቀዋለሁ። ሥዕሉ በወረቀት ታትሞ እንዲያብረቀርቅ በስስ ላስቲክ ይለበጣል፤ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ቅርጹን በያዘ ስለት ይቆረጣል። ተጣጥፎ ሱቅ ይደርስና ያለ ምስማር በደቂቃ ይቆማል። «ደንበኛ መጀመሪያ የሚገዛው በዓይኑ ነው» ይለኝ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥንም ከልክሏል። ለእኛ ቤት ትልቅ እረፍት ነበር። የዚህ ሕፃን አባት፣ ልጄ፣ መጠጥ ካቆመ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ያቆመውም እንዲህ በቀላሉ አይደለም። ቢራ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ቢኖረው፣ ጂንና ኡዞ 40 በመቶ ገደማ ናቸው። እሱን የጣለው ይኸኛው ነው።

ማታ ቡና ላይ ሕፃኑ፣ «አባዬ፣ ያንን ቤተ መንግሥት ግዛልኝ» አለ።

ልጄ ሲኒውን አስቀመጠ። «አይቼዋለሁ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለዚህ ነው ሰሞኑን ዳቦ ከማዶ የምገዛው።»

እኔ ደግሞ የማዶው ዳቦ ጥሞት ነው ብዬ ነበር!

በነጋታው ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ ሲቸግረን በዱቤ ይሰጠናል። ስለ ልጄ ግን አልነገርኩትም፤ ገመናችን ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከከረሜላው ጋር ምን አገናኘው?» አልኩት።

«እማማ፣ አከፋፋዩ ነው ያቆመልኝ። እኔም ልብ አላልኩትም» አለና፣ ጠርሙሶቹን ከባንኮው ጀርባ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀላቸው። ባዶውን ካርቶን ለልጁ ሊሰጠኝ ፈለገ። «የለም፣ ለቆራሌው ስጠው» አልኩት። ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ።

ቅዳሜ ልጄ ዳቦ ይዞ ገባ። ከየት እንደገዛው አልጠየቅኩም፤ ፌስታሉን ግን አውቀዋለሁ።

መጠጥ መሸጥ የባለሱቁ እንጀራ ነው፤ እሱን አልነካሁበትም። አዋጁ ከቴሌቪዥን ያስወጣው ግን ካርቶን ለብሶ ከብስኩቱ ጎን ሊቆም ይችላል። እናንተም ሰፈራችሁ ካለው ሱቅ ስትገቡ አንድ ጊዜ በልጃችሁ ቁመት ዝቅ ብላችሁ እዩ። ያያችሁትን ለባለሱቁ በደግ ቃል ንገሩት። እኛ በቁመታችን የማናየው ብዙ አለ።

ሳምንት ያገናኘን።