ያለፉትን እናስታውስ፦ የሦስት አረጋውያን ታሪክ

    

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ጤናና ስለ እርሻ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰው እንጽፋለን። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ስለ ተለዩ ሦስት አረጋውያን ነው። ሁለቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት ነበሩ። ሦስቱም የእኛ ተማሪዎች ነበሩ። ስማቸውን በዚህ ወረቀት ላይ አናወጣም። ስማቸውን መጻፍ የቤተሰባቸውና የቅሬያቸው ድርሻ ነው።

ቦታው ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን የአምባሰል አገር ነው። ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ ጥቂት ጎጆዎች አሉ። ልጅ የሌላቸውና ልጆቻቸው የራቁባቸው አረጋውያን ተጠግተው ይኖሩባቸዋል። ጎጆዎቹን የሠራው ቅሬው ነው። ሣሩን የሚከድነው ቅሬው ነው። እንጨቱንም የሚያመጣው ቅሬው ነው። በሌላ አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በዚህ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው።

በትልልቅ ከተሞች ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩባቸው ማዕከሎች አሉ። በአዲስ አበባ መቄዶንያ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ በሬዲዮ ሰምታችኋል። አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረተው ነው። ጥቂት ሰዎችን በቤተሰቡ ቤት ሰብስቦ ጀመረው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይረዱበታል። በገጠር ግን እንዲህ ያለ ቤት የለም። በገጠር ማዕከሉ ጎረቤት ነው።

እኛ ፊደል የምናስተምረው ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት፣ ከዋርካው ሥር ነው። ሦስቱም አረጋውያን ከፊት መስመር ይቀመጡ ነበር። ዓይናችን ደካማ ነው ይሉን ነበር።

የመጀመሪያው ሟች ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። በሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱና ሰው ሲያሻግሩ ኖሩ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ ባለቤታቸው ሞቱባቸው። በዚያ ዓመት ብዙ የወሎ ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ለሰፈራ ተወሰደ። አንድ ልጃቸውም ወደ ወለጋ ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ደብዳቤ ላከ። አባት ማንበብ አያውቁም። በገበያ ቀን አንድ መንገደኛ አስነበቡ። መንገደኛው ቸኩሎ ነበር። «ልጅዎ ደኅና ነኝ ይላል» ብሎ መለሰላቸው። አባትም ተመስገን አሉ። ደብዳቤውን በጨርቅ ቋጥረው አስቀመጡት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ዓምና ፊደል ቆጠሩ። ማንበብ ሲጀምሩ ያንን ቋጠሮ ፈቱት። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩን ሁሉ ጠሩት። ደብዳቤው «ሴት ልጅ ወልጃለሁ» ይላል። መንገደኛው ያንን አልነገራቸውም። የልጅ ልጅ እንዳላቸው ያወቁት በራሳቸው ዓይን አንብበው ነው። «እስከ ዛሬ አያት ነበርሁ ለካ!» አሉ።

በሰኔ ወር መልስ ጻፉ። በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት። አድራሻው የቆየ ነው። መልስ ሳይመጣ በሐምሌ አረፉ። መልሱ ቢመጣ የሚቀበለው ቅሬው ነው። ተማሪዎቹ ቆመው ያነቡታል።

ሁለተኛው ሟች ሼህ ነበሩ። ልጆችን ቁርኣን ያቀሩ ነበር። የቅሬው ድንኳን፣ ብረት ድስትና ዶማ የሚቀመጠው በእርሳቸው ዘንድ ነው። ክርስቲያን ሲሞት ዶማ ይዘው ቀድመው የሚወጡት እርሳቸው ነበሩ።

ስለ እርሳቸው አንድ ስሕተታችንን እንናገር። ትምህርት ስንጀምር ተማሪዎችን መዘገብን። በሼሁ ስም ፊት «ማንበብ አይችሉም» ብለን ጻፍን። የጻፍነውን ጮክ ብለን ስናነብ ሼሁ ሳቁ። «ልጆቼ፣ የእናንተን ፊደል አላውቅም እንጂ ማንበብስ ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ» አሉን። ወደ ጎጆ ገብተው አንድ አሮጌ ደብተር አመጡ። ጽሕፈቱ የዐረብ ፊደል ነው። ቋንቋው ግን አማርኛ ነው። በወሎ ይህ ዐጀም ይባላል። የወሎ ሊቃውንት መንዙማቸውን በዚህ ዓይነት ጽፈው አቆይተውልናል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን አናውቅም ነበር። መዝገቡን አረምን። ከዚያ ወዲያ ሼሁ የእኛን ፊደል በሁለት ወር ጨረሱት።

በነሐሴ አረፉ። ቃሬዛቸውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተፈራርቆ ተሸከመው። ቅሬው የሰደቃውን እህል አዋጣ።

ሦስተኛዋ ሟች የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ትውልዳቸው በአምባሰል ነው። ለትዳር ወደ ሐይቅ ወረዱ። ባላቸው ቀድመው ሞቱ። ልጅ አልወለዱም። ግን የመንደሩን ልጆች አብዛኛዎቹን የተቀበሉት በእጃቸው ነው። በኋላ ጤና ጣቢያ ሲቀርብ ምጥ የያዛትን ሁሉ «ወደዚያ ውሰዷት» ይሉ ነበር። እኛ እማማ እንላቸዋለን። እርሳቸው «አብሽሩ ልጆቼ» ይሉናል።

እማማ ፊደልን ለሁለተኛ ጊዜ ነው የተማሩት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እርሳቸውም ተምረው ነበር። የምስክር ወረቀትም ተቀብለዋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የሚያነቡት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ፊደሉ ከእጃቸው ጠፋ። ይህች ወረቀት በየሳምንቱ የምትመጣላችሁ ለዚሁ ነው። የማይነበብ ፊደል እንደማይታረስ መሬት ነው፤ ዳዋ ይበላዋል።

እማማ የልጆቹን ሁሉ ዕድሜ ያውቃሉ። ቀን አይቆጥሩም። «እሷ የተወለደችው ማሽላ ሲታጨድ ነው፤ እሱ ደግሞ የኮሮና ጊዜ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን «ይህን ሁሉ አብረን እንጻፈው» አልናቸው። እርሳቸውም ደስ አላቸው። እኛ ግን ወደ ደሴ የምንሄድበት ጉዳይ ነበረን። «ስንመለስ እንጽፋለን» ብለን ሄድን። ሁለት ሳምንት ቆየን። ስንመለስ ድንኳን ተተክሏል። እማማ ተቀብረዋል።

በጥቅምት ወር አንድ ነገር መጣ። በመንደሩ አንዲት ልጅ አለች። አባቷ ሞቷል። አጎቷ በጥር ሊድራት ነው ተባለ። ልጅቷ ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። አጎቷ «18 ሞልቷታል» ይላል። እናቷ «አልሞላትም» ትላለች። ግን ዓመቱን በእርግጥ አታውቀውም። የልደት ወረቀት የለም። የሚያውቁት እማማ ነበሩ። እማማ ግን የሉም።

እኛ ያን ቀን አፈርን። ሁለት ሳምንት ቀድመን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ምስክር ነበራት።

ከዚያ በኋላ የእማማን ደብተር አስታወስን። ከጎጇቸው አወጣነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የስም ዝርዝር አለ። ስም ጻፉ ብለን የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። እማማ የጻፉት ያዋለዷቸውን ልጆች ስም ኖሯል። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ቃል አለ። «ማሽላ» ይላል። «ኮሮና» ይላል። የዚያች ልጅ ስምም አለ። ከአጠገቡ «ግድብ» ይላል።

በ«ግድብ» ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ያሰመርነው እኛ ነን። «ይህ ስም አይደለም፤ ስም ብቻ ይጻፉ» ብለን አርመናቸው ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

የልጅቷ እናት ቃሉ ሲነበብላት አለቀሰች። «አዎ! ግድቡ ተጀመረ ተብሎ ሬዲዮ ሲናገር እኔ ምጥ ላይ ነበርሁ» አለች። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ልጅቷ ገና 15 ዓመት አልሞላትም። የቅሬው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደብተሩ በፊታቸው ተነበበ። አጎትየውም ደብተሩን ተቀብሎ ቃሉን ራሱ አነበበ። እሱም የእኛ ተማሪ ነው። «የእሳቸው እጅ ነው» አለ። ሰርጉም ቀረ።

ውድ አንባብያን፣ እማማ ከሞቱ በኋላ ለዚያች ልጅ መሰከሩላት። የመሰከሩት በአንድ ቃል ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

የሐይቅ ሰው ይህን ከጥንት ያውቃል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ወንጌል አለ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ይባላል። እርሳቸው በ13ኛው መቶ ዘመን የገዳሙ አበምኔት ነበሩ። ያ ወንጌል ከ700 ዓመት በኋላም ስማቸውን ይዞ ይገኛል። መታሰቢያቸውም በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። የተጻፈ ስም እንዲህ ይቆያል።

በምዕራብ አፍሪካ ማሊ የምትባል አገር አለች። አማዱ ሃምፓቴ ባ የሚባሉ የማሊ ሊቅ ነበሩ። የሽማግሌዎችን ቃል እየዞሩ ይጽፉ ነበር። በአፍሪካ አንድ ሽማግሌ ሲሞት ሙሉ የመጻሕፍት ቤት እንደተቃጠለ ይቆጠራል ሲሉ ለዓለም አሳሰቡ። እኛ በዚህ ክረምት ሦስት ቤት ተቃጠለብን። ከሦስተኛው አንድ ደብተር አተረፍን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፣ ልደትም ሞትም በቀበሌ ይመዝገብ። ስለዚህ ጉዳይ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጥቷል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዟል። ዛሬ የተወለደ ሕፃን ከተመዘገበ ነገ ዕድሜው አያከራክርም።

ሁለተኛ፣ በየቤታችን ያሉትን አረጋውያን እንጠይቅ። የሚሉትንም እንጻፍ። ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። አራት መስመር ይበቃል።

1. ስማቸው ማን ነው? የአባታቸውስ?
2. የት ተወለዱ? በምን ዘመን?
3. ምን ሠርተው ኖሩ?
4. ለልጆች ምን ቃል አላቸው?

ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም። እኛም ተምረን ተሳስተናል። የጻፋችሁትን ለሽማግሌው መልሳችሁ አንብቡላቸው። የቀረ ካለ ይጨምሩበታል። ሰው ሲሞት ደግሞ በሰልስቱ፣ በአርባው ወይም በሰደቃው ቀን ጽሑፉ ይነበብ። ደብተሩ ከቅሬው ዕቃ ጋር ይቀመጥ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሚጠበቁትን ያህል ይጠበቅ።

መቼ እንጀምር የምትሉ እንደሆነ፣ ዛሬ ማታ ከእሳት ዳር ጀምሩ። ለአገር ሁሉ የሚሆን ቀንም አለ። በዓለም ዙሪያ የአረጋውያን ቀን የሚከበረው እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ነው። ይህ በአብዛኛው ዓመት በእኛ መስከረም 21 ላይ ይውላል። መስከረም 21 በአምባሰል ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ያን ቀን ከሩቅ አገር ብዙ አረጋውያን በምርኩዝ ተራራውን ይወጣሉ። በመንገድ ስታገኟቸው ውኃ ስጧቸው። ታሪካቸውንም ጠይቋቸው።

እኛ «ስንመለስ እንጽፋለን» ብለን ተቀጣን። እናንተ አትቅጠሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
ሀ. ታንኳ ቀዛፊው የልጅ ልጅ እንዳላቸው እንዴት አወቁ?
ለ. ሼሁ በመዝገቡ ላይ ለምን ሳቁ?
ሐ. «ግድብ» የሚለው ቃል ለልጅቷ ምን ጠቀማት?
መ. በእናንተ ቀበሌ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ማን ናቸው? ታሪካቸውን የጻፈላቸው አለ?

መልሳችሁን በደብተር ጻፉና ለአስተማሪያችሁ አሳዩ። ሳምንት በዚሁ ዓምድ እንገናኝ። ሰላም ሁኑ።