የትምህርት ቤት ጓሮ ካርቱምን አይመግብም

ረሃብ በገባበት ከተማ ሁሉ የማይቀር ምክር አለ። ጓሮ አልሙ፣ በትምህርት ቤት ግቢ መደብ ቆፍሩ፣ ልጆች የአገራቸውን ምግብ ይወቁ ይባላል። የሱዳን ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2025 ካርቱምን ከተቀናቃኙ ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪው ወደ ተዘረፈ ቤቱ እየተመለሰ ነው፤ ምክሩም ተከትሎት መግባቱ አይቀርም። ጎመንና ባሚያ በማብቀል ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ካርቱም የአገሯን ምግብ የተወችው ስለማታውቀው ነው ከሚለው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ካርቱም ኪስራን አሳምራ ታውቃለች። የማሽላው ሊጥ ይቦካል፣ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ተደርጎ ይሳባል፣ በደረቀ ባሚያ ወጥ ይበላል፤ የእንጀራችን የቅርብ ዘመድ ነው። ሱዳን ደግሞ በማሽላ ምርት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። ታዲያ ከተሜው ኪስራን ለምን በስንዴ ዳቦ ተካ? መንግሥት ዳቦን ስላረከሰው ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአሜሪካ የስንዴ ዕርዳታ ገባ፤ በኋላም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ስንዴ እየተደጎመ ቀረበ፣ ከተሜው ከጠገበ አያምፅም ተብሎ። ኪስራ ማገዶና የሴት ጉልበት ይፈልጋል፤ ያንን የደጎመ የለም። ድጎማው ሲላላ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። በ2018 መገባደጃ አትባራ ከተማ ላይ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ወደ ሦስት የሱዳን ፓውንድ ዘለለ፤ ሕዝቡ ወጣ፤ አራት ወር ሳይሞላ የፕሬዚዳንት አልበሽር የሠላሳ ዓመት አገዛዝ ወደቀ።

ያው አገዛዝ በጎዳና ዳር ምግብ የምትሸጠውንም ሴት ያሳድድ ነበር። ካሻ የሚሉት አፈሳ ድንገት እየመጣ የምግብና የሻይ ሻጮችን ዕቃ ጭኖ ይሄዳል። በካርቱም ሻይና ቡና አፍልተው ቤተሰብ ያስተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህን ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። የአገር ምግብ ይስፋፋ እየተባለ የአገር ምግብ የምታቀርበው ሴት ምጣዷን ይዛ ስትሮጥ፣ ለልጅዋ የአትክልት መደብ ማሳየት ምን ይባላል?

ሒሳቡንም እንየው። 500 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን 100 ግራም ማሽላ ቢመድብ በ200 የትምህርት ቀን 100 ኩንታል ይፈጃል። በሱዳን ዝናብ ጠብቆ ከሚታረስ አንድ ሄክታር የሚገኘው ስድስት ኩንታል አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 17 ሄክታር ገደማ ያስፈልጋል። የእግር ኳስ ሜዳ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ከግቢው የሚለቀመው ለወጥ ይሆን ይሆናል፤ ወጡ የሚበላበት እህል ግን ከማሽላ አምራቹ ገዳሪፍ ነው የሚመጣው።

ጓሮ ያድናል ለሚል ሰው የቱቲን ነገር አነሳለታለሁ። ነጭና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት ያለችው ደሴት የካርቱም የሎሚና የአትክልት ማሳ ነበረች። አፈሯ ጥቁር አባይ ከደጋችን ጠርጎ ያወረደው ደለል ነው (ከጎጃም የሄደ አፈር እዚያ ጀርጂር የሚሉትን የሰላጣ ቅጠል ማብቀሉን ሳስብ ትንሽ ያስቀናኛል)። ጦርነቱ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከተነሳ በኋላ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ደሴቷን ከበባት። አትክልት ማብቀል ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ተራቡ፤ ብዙዎቹም ደሴቷን ጥለው ወጡ። በካርቱም በየሰፈሩ የቀረውን ሕዝብ ያቆየው ተኪያ ነው፤ የሰፈር ወጣቶች የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል በሚሏቸው የበጎ ፈቃድ ቡድኖቻቸው ሥር ፉል፣ ምስርና አሲዳ የሚያበስሉበት የጋራ ማዕድ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ገንዘብ ሲልኩ ድስቱ ይጣዳል፣ ሲቋረጥ ይዘጋል።

እኛም ዘንድ ይኸው ስብከት አለ። የሌማት ትሩፋት በ2022 ከታወጀ ወዲህ ጓሮ ያላለማ ሰው በስንፍና መጠርጠር ጀምሯል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው እናት የት ትትከል?

ብራዚል ከዚህ የተለየ ነገር አድርጋለች። በ2009 የወጣው ሕጓ ለተማሪዎች ምገባ ከሚወጣው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ ለሚገዛ ምርት እንዲውል አስገደደ። ሕጉ ግዴታውን የጫነው በሚገዛው መንግሥት ላይ ነው፣ በልጆቹ ላይ አይደለም። ለካርቱም የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ነገር ነው፦ የገዳሪፍ ማሽላ በትምህርት ቤቱ ስም ይገዛ፣ ወፍጮው ይጠገን፣ ካሻ ያሳደዳቸው ሴቶች ከትምህርት ቤቱ ጋር ውል ፈርመው ኪስራ ያቅርቡ፣ ለማገዶውም ይከፈላቸው። ቀድሞ ስንዴ እንደተደጎመ አሁን ኪስራው ይደጎም፤ ዳቦ የለመደው ከተሜ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ከዚያ በግቢው ጥግ ጀርጂር የሚዘራ ካለ ማንም አይከለክለውም፤ ለሰላጣ ይሆናል።