ስንት ዋት ነው?

መርካቶ ስፒከር ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት፦ «ስንት ዋት ነው?» እኛም ጠየቅን። «ሺህ!» አለን ልጁ፣ ማግኔቱን በጣቱ ቆርቆር እያደረገ። የማግኔቱ ግዝፈት! የዕቁብ ብራችንን ቆጥረን ሰጠነው።

እናላችሁ፣ ሦስት ጓደኛሞች ለሠርግ ሞንታርቦ እያከራየን ልንከብር ነበር። የባስ ሣጥኖቹን አናጢ ሠርቶልናል፤ ውስጣቸው እየተጣጠፈ ወደ አፉ የሚሰፋ ጥሩንባ ያላቸው። የመጀመሪያው ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ገና ሳይቀመጡ፣ የአንዱ ስፒከር ወረቀት ተቀደደ። ሌላው እስከ ኬክ ቆረሳው እንደ ቆርቆሮ ሲንኳኳ አመሸ። የሙሽራው አባት ቀብዱን አስመለሱን። (አልፈረድንባቸውም።)

ሻጩን ስንረግም ከረምን። አሁን ግን ጥያቄያችን ራሱ ስህተት ነበር እንላለን። ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚሸከመውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ድምፅ አይናገርም። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው። ለዚያ 10 እጥፍ ዋት ልትገዙ ነው? አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ማምረት የጀመረው ክሊፕሽሆርን የሳሎኑን ማዕዘን ግድግዳዎች የጥሩንባው ማራዘሚያ አድርጎ በጥቂት ዋት ቤት ይሞላ ነበር።

ጥሩንባ ግን ስፒከር ይመርጣል። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ስለሚገፋ ወረቀቱ ላይ ከባድ ጫና አለ፤ ስለዚህ ቀላልና ድርቅ ያለ ወረቀት፣ ኃይለኛ ግፊት ያለው ኮይልና ማግኔት ይፈልጋል። የእኛው የመኪና ስፒከር ኖሯል! ወረቀቱ ከባድና ለስላሳ፣ ለትንሽ ዝግ ሣጥን የተሠራ። የማግኔት ግዝፈትም ምስክር አይሆንም፤ የኒዮዲሚየም ማግኔት ትንሽ ሆኖ ጉልበተኛ ነው።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? ኔቪል ቲል እና ሪቻርድ ስሞል ስማቸውን የሰጧቸው ልኬቶች አሉ። ከነሱ አንዱ «ኪው ቲ ኤስ» ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማግኔቱ ወረቀቱን አጥብቆ ይዟል ማለት ነው። ለጥሩንባ በአብዛኛው ከ0.4 በታች ይፈለጋል። የእኛን አንድ ቴክኒሺያን ሲለካው 0.7 ሆነ።

«መርካቶ ማን ሉህ ይሰጣል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን የሞዴሉን ቁጥር በስልክ ፈልጎ ሉሁን ማየት ይቻላል። ፎርጂዱ ላይ የኦርጅናሉ ቁጥር ስለማይሠራ ደግሞ ሳያስለኩ ብር አለመክፈል ነው። ሻጩ ካኮረፈ ያኩርፍ።

ዲጄዎችም ስሙን፦ የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ሣጥን እዚያ አይወርድም። ጥሩንባው ከሚችለው በታች ባስ ስትጨምሩ አየሩ ወረቀቱን መያዝ ያቆማል፤ ያኔ በፊልተር ካልተቆረጠ መቀደድ ነው።

ሣጥኖቹ አሁንም አሉ። የአንዳችን እናት በርበሬ ያሰጡባቸዋል።