የወተት እጣቢ

በኡጋንዳ ርዕሰ ከተማ በካምፓላ የሚገኘው የኪቡሊ ኮረብታ በመስጊዱ የታወቀ ነው። ከኮረብታው ግርጌ የከተማይቱ የኢንዱስትሪ ቀበሌ ተንጣሎ ይታያል። ናኪቩቦ የተባለው ቦይም የከተማውን ጎርፍና ቆሻሻ ተሸክሞ በዚያ በኩል ያልፍና ረግረጉን አቋርጦ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል። የካምፓላ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ የሚሳበውም ከዚሁ ሐይቅ፣ በከፊልም ጋባ ከተባለው ዳርቻ ነው። እንግዲህ ከላይ የሚደፋው ሁሉ የታችኛውን ውሃ ጠጪ ይመለከተዋል።

ፋብሪካዎች ከሚያወጡት ፍሳሽ መካከል ጉዳት የሌለው መስሎ የሚያታልለው የወተት እጣቢ ነው። ወተት ምግብ እንጂ መርዝ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ለሰው ምግብ የሆነው ለባክቴሪያም ምግብ ነው። ባክቴሪያዎች ወተቱን ሲመገቡ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን አሟጥጠው ስለሚወስዱት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። በዚህ ረገድ አንድ ሊትር ወተት የሚያደርሰው ጉዳት ከ300 ሊትር የቤት ፍሳሽ አያንስም።

ይሁን እንጂ እጣቢው አየር በማይገባበት ጋን ቢጠራቀም ነገሩ ይለወጣል። ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በመጀመሪያ ቅባቱንና ስኳሩን ይሰባብራሉ፤ ሌሎች ተቀብለው ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከዚያ ሜቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣሉ። አንድ ኪሎ ግራም ቅባት ፈጽሞ ሲብላላ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ሜቴን ይሰጣል፤ ስኳር ግን የዚያን እኩሌታ እንኳ አይሰጥም።

እርግጥ ቅባት አስቸጋሪ ነው። ከላይ ተንሳፎ ይጋገራል፤ ሲሰባበር የሚወጡት አሲዶችም ሲበዙ ተሕዋስያኑን እንደ ሽፋን ይለብሱባቸውና ሥራቸውን ያግዱባቸዋል። ስለዚህ እየተመጠነ ሊገባ፣ ሙቀቱም 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሊጠበቅ ይገባል። ለዕቃ ማጠቢያ የሚውለው ሶዳም ኃይሉ ሳይበርድ መግባት የለበትም። ይህን ሁሉ የሚከታተል የሠለጠነ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለግንቡ ገንዘብ ሲመደብ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ጋኑም ባዶውን ይቀራል።

ሐሳቡ ለካምፓላ እንግዳ አይደለም። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእ.ኤ.አ. 2010 በኋላ ደምና ጮማ በበዛበት በከተማው ቄራ ፍሳሽ ላይ ሞክረውት ጋዝ አግኝተዋል። በአገራችንም ባዮጋዝ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተሞከረው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነበር።

የከተማው ማጣሪያ ሥራውን ይሥራው የሚሉ አሉ። ካምፓላ በቡጎሎቢ ማጣሪያ አላት። ሆኖም ቅባቱ እዚያ ከመድረሱ በፊት በቧንቧው ውስጥ እየረጋ ይዘጋዋል፤ የተረፈውም ከሌላው ፍሳሽ ጋር ይቀጥናል፤ ሙቀቱም ይጠፋል። በፋብሪካው ግቢ ግን እጣቢው ገና ለብ ያለና ወፍራም ነው። ወተት ለማፍላት በየቀኑ ነዳጅ የሚያነደው ምድጃም ከዚያው ግቢ ውስጥ ይገኛል።