የነዳጅ መጠባበቂያ ፋታ እንጂ መፍትሔ አይደለም

የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበ ቁጥር ሸክሙ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በሠርቶ አደሩ ትከሻ ላይ መሆኑ የማይካድ ሐቅ ነው። የአውቶቡስ ታሪፍ ከፍ ይላል፤ እህል ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባው መኪና ኪራይ ይጨምራል፤ ውሎ አድሮም ጭማሪው በየቤቱ መሶብ ላይ ይታያል። በዚህን ጊዜ «መንግሥት ያከማቸውን ነዳጅ ለምን አያወጣም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትክክለኛ መልስ የሚያገኘው ግን ክምችት የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን ስንገነዘብ ነው።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ በጣሉ ጊዜ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል አደገ። አሜሪካም በ1975 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ በቴክሳስና በሉዊዚያና ከርሠ ምድር በሚገኙ የጨው ዋሻዎች ድፍድፍ ነዳጅ አከማቸች። ዓላማው አቅርቦት በድንገት ሲቋረጥ የአገር ኢኮኖሚ እንዳይቆም ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2022 ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ120 ዶላር በላይ ወጣ። ፕሬዚዳንት ባይደን ለ6 ወራት በየቀኑ 1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 180 ሚሊዮን በርሜል እንዲሸጥ ወሰኑ። የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስቴር በዚያው ዓመት ባወጣው ግምት፣ ይህ ሽያጭና የተባባሪ አገሮች ሽያጭ በአንድ ላይ በጋሎን ቤንዚን ላይ ከ17 እስከ 42 ሳንቲም ቅናሽ አስገኝተዋል። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የጋሎን አማካይ ዋጋ በጁን 2022 ከ5 ዶላር ማለፉን ሊያስቀር አልቻለም።

ለምን? አንደኛ፣ የተከማቸው ድፍድፍ በመሆኑ በማጣሪያ ሳያልፍ ሞተር አያንቀሳቅስም፤ የአገሪቱ የማጣራት አቅም ደግሞ ከ2020 ወዲህ በቀን በ1 ሚሊዮን በርሜል ያህል ቀንሶ ነበር። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ሀብት የሆነው ነዳጅ ለኩባንያዎች በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ስለሆነ ቅናሹ በቀጥታ ሸማቹ እጅ አይደርስም፤ በዚያው ዓመት ኤክሶን ሞቢል ብቻውን 56 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አትርፏል። ሦስተኛ፣ ዋሻው ያልቃል፤ በ2021 መጨረሻ 590 ሚሊዮን በርሜል ገደማ የነበረው ክምችት በ2023 አጋማሽ ወደ 350 ሚሊዮን ወርዶ ከ1983 ወዲህ ዝቅተኛው ሆኗል።

ሌላም ትምህርት አለ። በአማካይ በ95 ዶላር ገደማ የተሸጠው ነዳጅ፣ ዋጋው ሲረግብ ከፊሉ ከ80 ዶላር በታች ተመልሶ ተገዝቷል። ስለሆነም ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መልሶ መሙላት ነው።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ካቆመ ወዲህ አገራችን የምትጠቀመው የተጣራ ነዳጅ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ በዋነኛነትም በጂቡቲ በኩል የሚገባ ነው። እንዲህ ላለች አገር ዲፖ ውስጥ ያለ ነዳጅ የመንገድና የወደብ መስተጓጎልን መከላከያ እንጂ የዓለምን ዋጋ መቀነሻ ሊሆን አይችልም። ዛሬ ለዋጋ ማርገቢያ የፈሰሰው ሊትር ነገ በዶላር መተካት አለበት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የተለየ ድጎማ መመደቡ፣ ሸክም ማቅለያው ዘዴ ዲፖ ማራገፍ ብቻ አለመሆኑን ያሳየ ነው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። መጠባበቂያ የሚነካው አቅርቦት ሲናጋ ይሁን፤ ሲነካም መቼና በምን ገንዘብ እንደሚተካ አስቀድሞ ይታወቅ። በተገኘው ፋታም ከወንዞቻችን በሚመነጨው ኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባቡሮችና አውቶቡሶች ይስፋፉ። የቀበሌው ነዋሪም ሆነ የፋብሪካው ሠራተኛ ክምችቱ የጋራ ስንቁ መሆኑን ተገንዝቦ፣ ስንት እንደወጣ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደተመለሰም ሊጠይቅ ይገባል። የክፉ ቀን ስንቅ በደኅና ቀን ካልተሞላ፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ባዶ ጎተራ ይጠብቀናል።