«ተመጣጣኝ» ማለት ስንት ሬሳ ነው?

በአገራችን የመንግሥት ቋንቋ ውስጥ እንደ «ተመጣጣኝ» የተመቸው ቃል አላየሁም። ፖሊስ ተኩሶ ሰው በገደለ ቁጥር መግለጫ ይወጣል፤ መግለጫው ውስጥ ይቺ ቃል አትጠፋም። «የጸጥታ ኃይሎች ተመጣጣኝ እርምጃ ወስደዋል» ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ለመሆኑ ከምን ጋር ነው የተመጣጠነው? ማን መዘነው? በየትኛው ሚዛን? ጥያቄው ሳይመለስ ሟች ይቀበራል፣ አርባው ይወጣል።

የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ የሆነውን አንባቢ አይረሳውም። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጥይት ዘነበ። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ቆጠረ። አባላቱ ተሰብስበው 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ «ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር» አሉ። ከዚያስ? ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ተሰደዱ። በ1999 ዓ.ም. በሌላ ሰብሳቢ አፍ ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ እርምጃው ተገቢ ነበር አለ። ሬሳው ያው 193 ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው።

ያ የኢሕአዴግ ጊዜ ነው እንበል። ከ11 ዓመት በኋላም ያው ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በአንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታወቀ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ የጸጥታ ኃይል አባላትን ጨምሮ 669 ሰዎች እንደሞቱ ለፓርላማ ሪፖርት አቀረበ። ያቺ ቃል እዚያም ቀርባ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ከመጠን ማለፉ ታምኖ፣ ባብዛኛው ግን «ተመጣጣኝ» ተባለ። 669 ሬሳ የሚመጣጠነው ከምን ጋር እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ቃሏ ከሰማይ አልወረደችም፤ ሕጉ ውስጥ አለች። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የሚያዘው ሰው በኃይል ከተቃወመ ወይም ሊያመልጥ ከሞከረ፣ ያዡ እንደ ሁኔታው በተመጣጠነ ማናቸውም መንገድ ሊጠቀም ይችላል ይላል። በቃ። ዶሮ የሰረቀም ሰው የገደለም ሲሸሽ የሚዳኙት በዚያችው ዐረፍተ ነገር ነው። ከመተኮስ በፊት ማስጠንቀቅ፣ ስም መናገር፣ ከተኮሱ በኋላ ማስመዝገብ የሚባል ነገር እዚያች መስመር ውስጥ የለም።

አሁን ደግሞ የገበሬውን ጠመንጃ እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1177፣ ረጅም ነው። ማን እንደሚይዝ፣ ማን እንደማይይዝ፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ያለ ፈቃድ የተገኘ ምን እንደሚደርስበት አንድ በአንድ ተጽፏል። እኔ አዋጁን አልቃወምም፤ መሣሪያ ያለ መዝገብ መያዝ የለበትም። ግን ሁለቱን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። የገበሬው ጠመንጃ በአዋጅ ታጥሯል፣ የፖሊሱ አፈሙዝ በአንዲት ቃል ተለቋል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ያለውን አገር ነው። እዚያ ደጋ ላይ ጠመንጃ ጌጥ አይደለም። ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ፣ ለቅሶ ላይ የሚተኮስ፣ ሲቸግር በበሬ የሚለወጥ ንብረት ነው። ታሪክም አለው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ባላምባራስ፣ ኋላ ራስ፣ አበበ አረጋይ ሰዎቻቸውንና መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡ። አምስቱን ዓመት መንዝን ጨምሮ በሰሜን ሸዋ ገደላገደል ሲዋጉ ያበላቸው፣ የደበቃቸው፣ ጠመንጃውን ይዞ አብሯቸው የተሰለፈው ገበሬው ነው። በዚያ ዘመን የፖሊሱና የገበሬው አፈሙዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ያይ ነበር።

ቅርቡንም እናንሳ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት የግልም ይሁን የመንግሥት መሣሪያ ያለህ ሁሉ ዝመት ብሎ ጥሪ አሰማ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ጦር ደብረ ሲና ድረስ ሲዘልቅ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ጠመንጃ «የአገር ዘብ» ተብሎ ተሞገሰ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ላይ የክልሉ ልዩ ኃይል ይፈርሳል ተባለ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣና ለአሥር ወር ያህል ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መበርበር ተፈቀደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያው ሰው፣ ያው ምንሽር፣ መጀመሪያ ጀግና ቀጥሎ ተጠርጣሪ!

አንድ ከቀየት የመጡ አዛውንት ደብረ ብርሃን ላይ አግኝቼ ስለዚህ ስንጫወት፣ «አባባ፣ ፖሊስ መሣሪያውን ቢጠይቅዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ፖሊስ ቢፈልገኝ ቀን ገበያ ላይ ያገኘኛል» አሉኝ። «ሌሊት ውሻው ጮኾ በሩ ሲደበደብ ግን፣ ደጅ የቆመው መንግሥት ይሁን የከብት ሌባ በምን አውቃለሁ? ብከፍት እዘረፋለሁ፤ ብተኩስ መንግሥት ላይ ተኮሰ እባላለሁ።»

እኚህ ሰው የሕግ ትምህርት የላቸውም። የተናገሩት ግን ሕጉ ራሱ የሚለውን ነው። ያው የ1954ቱ ሕግ፣ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ብቻ ነው ብሎ ደንግጓል። ሕግ አውጪው የሰዓቱን ገደብ ያስቀመጠው በጨለማ የሚያንኳኳ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይመስለኛል። ይህ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ ጎንደር አሳይታናለች። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. የወልቃይት የአማራ ማንነት ኮሚቴ አባላትን ለመያዝ ሌሊት ሲኬድ፣ ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱ በሌሊት አልያዝም ብለው ከቤታቸው ተኮሱ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ከተማይቱ ተናወጠች፤ ነገሩ ወደ ክልሉ ሁሉ ተዛመተ። ነግቶ፣ መጥሪያ ተይዞ፣ በሽማግሌ ቢኬድ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?

«ሕዝቡ የታጠቀ ስለሆነ ፖሊስ ካልተኮሰ አይችለውም» የሚሉ አሉ። ክርክሩ እውነት ቢሆን በሌላውም አገር እንዲሁ በሆነ ነበር። አይስላንድ በየቤቱ የአደን ጠመንጃ ያለባት አገር ናት፤ ተራ ፖሊሷ ግን ሽጉጥ ሳይታጠቅ ነው በመንገድ የሚዞረው። ፖሊስ ሰው ተኩሶ ሲገድል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ ፖሊሱም ወጥቶ አዝኛለሁ አለ። አሜሪካ ደግሞ መሣሪያ መያዝ የሕገ መንግሥት መብት ነው፤ ፖሊሷም በዓመት ወደ 1000 ሰው ይገድላል። እዚያም ቢሆን ግን አጥር ዘሎ ሲሸሽ ከኋላው ተመትቶ በሞተ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊስ አደገኛ ያልሆነን ሯጭ መግደል አይችልም ብሎ ፈርዷል። የእኛው ዐረፍተ ነገር ይህን አይለይም።

ሩቅ ከሆነባችሁ ኬንያ አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የፖሊስ ሕጓ ፖሊስ መቼ እንደሚተኩስ ዘርዝሮ፣ ተኩሶ ሰው ባይጎዳ እንኳ ለአለቃው እንዲያስታውቅ፣ ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከቆሰለ ከፖሊስ ውጭ ላለ ነጻ ተቆጣጣሪ አካል እንዲነገር ያዛል። ኬንያ ገነት ናት አልልም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ናይሮቢ ውስጥ ግብር በተቃወሙ ወጣቶች ላይ ተተኩሶ ብዙዎች ሞተዋል። ግን እዚያ የሟች ቤተሰብ ሕጉን ይዞ «ይህን አንቀጽ ጥሰሃል» ብሎ የሚሄድበት በር አለው። እኛ ዘንድ በእጁ የሚይዘው «ተመጣጣኝ» የምትል ቃል ናት፤ እሷም የምትተረጎመው በተኳሹ ነው።

ፖሊስም ሰው ነው፤ እናት አለው። በ1997 እና 1998 ዓ.ም. የሞቱት 6 ፖሊሶች ከ193ቱ ያነሰ ነፍስ አልነበራቸውም። በገጠር ደግሞ ሚሊሻው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ቀን አርሶ ማታ ክላሽ ይዞ የሚወጣ። እሱን ያለ ግልጽ መመሪያ ወደ ጨለማ መላክ እሱንም ማስገደል ነው። መቼ እንደሚተኩስ የሚያውቅ ፖሊስ መቼ እንደማይጠየቅም ያውቃል።

የሚፈለገው ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያወጣው መርሕ አለ፦ ፖሊስ የሚተኩሰው ነፍስ ለማዳን ብቻ፣ ማንነቱን ተናግሮ፣ አስጠንቅቆ፤ ከተኮሰም ሪፖርት አድርጎ፤ የሟች ቤተሰብም ነጻ ምርመራና ፍርድ ቤት እንዲያገኝ። ይህ በአዋጅ፣ እንደ 1177ቱ በረጅሙ ይጻፍ። ገበሬው ለጠመንጃው ፈቃድ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ለፖሊሱ የተሰጠውና ከፖሊሱ የተመለሰው ጥይት በቁጥር ይመዝገብ፤ መዝገቡም ፖሊስ ባልሆነ እጅ ይሁን።

እስከዚያው ግን አንድ ወጪ የሌለው ሥራ አለ። ያንን 8 ለ 2 የተሰጠበት የ1998ቱ አጣሪ ኮሚሽን ቃለ ጉባኤ መንግሥት ራሱ ከነሙሉው ያትመው። የ193ቱ ቤተሰቦች ገዝተው ያነቡታል።